እግር ያለው ቤት

የጥር ውርጭ ሌባ ነው፣ ውሻ አይጮህበትም፤
አጥር ዘሎ ሲገባ ኮቴ አይሰማበትም።
አምና በዚሁ ወር፣ ጠባሴ፣ ጓሯችን፣
ሜዳ ላይ አደረ የጎመን ችግኛችን፤
ሲነጋ ያገኘነው የጠወለገ ቅጠል፣
እሳት ሳያይ የበሰለ፣ የተቀቀለ የሚመስል።
ይፍቱስራ አይታ ምንም አልተናገረች፤
ቅጠሉን በጣቷ አሸት አድርጋ ተወች።
ዓመት ሙሉ ዝም።
ዘንድሮ፣ የገና ማግሥት፣ ድንገት አፏን ከፈተች፦
«ሰው ጣራ አለው፣ በግ በረት፤
ለጎመንስ ማን ቤት ይሥራለት?»

ጣውላ የት ይገዛል? ዋጋው ሰማይ ነክቷል።
ጓዳ ግን አንድ አልጋ ተገትሮ ቆሟል፤
የሙሽርነታችን፣ ወገቡ የላላ፣
ምስጥ የቀመሰው፣ አይጥ የወረሰው ኋላ።
ራስጌው ራስጌ ቀረ፣ ግርጌውም ግርጌ፤
ቀርከሃ ሰንጥቄ አጎበጥኩበት፣ የቀስት ያህል አድርጌ።
ላስቲኩ? የአዲስ ብርድ ልብስ መጠቅለያ ነው፣
ከልሳነወርቅ ሱቅ ደጃፍ ለምነን ያመጣነው።
ብርድ ልብሱን ባለ ገንዘብ ወሰደ፤ ለጎመን የብርድ ልብሱ ልብስ ተረፈ።

ስፌቱን ይፍቱስራ፣ በሲባጎ፣ በወስፌ፤
ምስማሩን እኔ መታሁ፣ በቢራ ቆርኪ ደግፌ፤
ባዶ ምስማር ላስቲክ ይቀዳል፣
ቆርኪ ካጠለቀ ግን ይጨብጣል።
ዘሩ በዘይት ጀሪካን፣ ለሁለት በተቀደደ፣
የበግ ፍግ፣ አመድና አፈር እኩል በተዋሃደ።
መደብ ላይ የሚተኛ አልጋ ሲያምረው ኖሯል፤
የእኛ አልጋ ግን ሸምግሎ፣ መደብ ሆኖ አርፏል።

ጠዋት ወደ ፀሐይ፣ ማታ ወደ በረቱ ግድግዳ፣
የበጎች ትንፋሽ አልፎ እንዲያሞቀው የዘራነውን እንግዳ።
እሷ በግርጌ፣ እኔ በራስጌ፣ እርምጃችንን ገጥመን፣
በሠርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ አልሄድንም ተጠንቅቀን።
ቀትር ላይ ላስቲኩን በትንሹ ትከፍታለች፤
«ቤት መተንፈሻ ይሻል፣ እንደ ትዳር ነው» ትላለች።

አልጋ በሁለት ሰው እጅ ሲሄድ በሩቅ ያዩ፣
እማማ ደብሪቱ ነጠላ አዘቅዝቀው እየሮጡ ታዩ፦
«ማን ነው? ማን አረፈ? ምነው እኔ ሳልሰማ?»
«ጎመን ነው» አልኳቸው፤ «አልሞተም ገና፣ እማማ።»

በአራተኛው ቀን ደንብ አስከባሪው፣ ደብተሩን በብብቱ፦
«ሕገ ወጥ ላስቲክ ቤት እዚህ በቅሏል አሉ፤
ሰባት ቀን ነው ጊዜው፤ ነቃቅላችሁ ጣሉ።»
ይፍቱስራ አየችኝ። አየኋት። ጎንበስ ብለን፣
ቤቱን ከነነዋሪው አንሥተን ዞር አልን።
«ቦታው ባዶ» ብሎ የጻፈ መሰለኝ፤
ቤት እግር ሲያወጣ በየትኛው መዝገብ ይገኝ?
ሲሄድ ግን መለስ ብሎ በላስቲኩ አሾለከ ዓይኑን፤
ጎመኑ በጥር ብርድ ሲጠርግ አየ ላቡን።

የአስተርእዮ ማርያም ሌሊት ውርጩ መጣ በወጉ፤
የባልዲው ውሃ መስታወት ሆነ፣ በጎቹ ተጠጋጉ።
እኩለ ሌሊት ተነሥታ ይፍቱስራ፣ ሳትነግረኝ፣
ጋቢውን ከላዬ ገፋ ለላስቲኩ ደረበች፤ ብርድ ቀሰቀሰኝ።
«አንተ ብታስነጥስ እሰማሃለሁ» አለች፣
«እነሱ ግን ማስነጠስ አይችሉም።» ጎኔ ገብታ ተኛች።

ሲነጋ ቆጠርናቸው። ከመቶ አሥር ሰማንያ ሰባት።
በቀኝ ጥጉ፣ ቆርኪ በጎደለበት፣ ላስቲኩ በላላበት፣
አንድ ጀሪካን ሙሉ ጠቁሯል። የእኔ ምስማር ነው፣ የእኔ ስንፍና።
«ቆርኪ አምጣ» አለች፤ «ሌሊቱ ይመለሳል ገና።»

ቆርኪ ለቀማ ወጣሁ፣ ግሮሰሪ ደጅ፣ በማለዳ፤
«ጋሼ፣ በዚህ ጠዋት?» አለኝ አሳላፊው ከጓዳ።
አልመለስኩለትም። ኪሴ እየተንሿሿ ሽቅብ ሄድኩ ወደ ቤቴ፣
ደመወዝ እንደ ተቀበለ ሰው ቀጥ ብሎ አንገቴ።